መኪናን ጎሬ አሳድረው የሚፈትኑት መምህር ኡቻን

መምህር ኡቻን አረፉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ በተኙበት ሆስፒታል ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ትንፋሻቸው ቆመ። በዚያው ቀን ሲመሻሽ ቀበርናቸው። በእኛ አገር ሙቀት ሬሳ አይቆይምና ከሩቅ ያሉ ብዙዎች ሳይደርሱ ቀሩ። ይህን የምጽፈው ላልደረሳችሁት ነው፤ በኢታንግ፣ በአቦቦ፣ በጎግ፣ እላይም በጎሬና በመቱ ላላችሁ፣ አሮጌ የናፍጣ መኪና ልትገዙ ስትነሱ «እስቲ መጀመሪያ መምህር ይዩልኝ» ብላችሁ ደጃቸውን ላንኳኳችሁ ሁሉ።

እኔ ዘሃራ ነኝ፤ ጋምቤላ ገበያ መግቢያው ላይ ሽንኩርትና ድንች የማከፋፍለው። መልኬን የማታውቁ ድምፄን ሳትሰሙ አትቀሩም። ባለቤቴ አላህ ይዘንለትና «ያንቺ ሹክሹክታ ባሮን ይሻገራል» ይለኝ ነበር። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። የመምህር ባለቤት ግን «የጎሬውን ነገር በዓይንሽ ያየሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ጻፊው» አሉኝ፤ ሐዘንተኛ ደግሞ እምቢ አይባልም።

መምህር ዓመታት ሙሉ አንድ ሰው ሲጠብቁ ኖረው ነው የሞቱት። የሚጠብቁት ታናሽ ወንድማቸውን ኡጁሉን ነበር። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጎግ ተወልደው አንድ ጎጆ ውስጥ ያደጉ። ኡጁሉ ከወንድሙ ደጅ እግሩን ያነሳው እኔ ልገዛው በነበረ መኪና ምክንያት ነው። ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው ነገር የመምህርን ቤት ሰላም ነስቶት ኖረ። እንግዲህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

መምህር በከተማችን የቴክኒክ ትምህርት ቤት የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ፤ ከወጡም በኋላ ማስተማሩን አልተዉትም። ጋምቤላ ውስጥ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰው ካያችሁ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ ካልሆነም የተማሪያቸው ተማሪ ነው። ረጅም ሰው ነበሩ፤ ኮፈን ከፍተው ሲያጎነብሱ ወገባቸው ከሁለት የታጠፈ ይመስላል። አማርኛቸው አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር። በአኙዋክኛ ሲያወጉ ግን ሰውን በሳቅ ያስለቅሱ ነበር አሉ። ለእኛ የደረሰን ቁርጡ ነው።

የጋምቤላ ሰው መኪና ሲገዛ የሚሳሳተው አንድ ስህተት አለ፤ ሌላ አገር ያለ ሰው አይሳሳተውም። የናፍጣ ሞተርን ጉድ የሚያወጣው ብርድ ነው። ሞተሩ ያለቀ መኪና፣ በጠዋት የሚያሞቁት ማሞቂያዎቹ የተቃጠሉበት መኪና፣ ደጋ ላይ ጠዋት አልነሳም ብሎ ባለቤቱን ያጋልጣል። እኛ ዘንድ ግን ሌሊቱም ሙቅ ነው። ያ የደከመ ሞተር ቁልፍ ገና ሲነካው ይነሳል፤ ገዢውም «አቤት ሞተር!» ብሎ ይዋዋላል። ከዚያ ጭነት ሊያመጣ ወደ ደጋ ይወጣል፤ እዚያ ያድራል፤ ሲነጋ መኪናው ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስንቱ ሰው በዚህ ቤቱ ፈርሷል።

መምህር ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። «ጋምቤላ ላይ የማይነሳ መኪና የለም፤ ጎሬ ይደርና ያኔ እንተዋወቃለን» ይላሉ። ሻጭና ገዢን አስከትለው፣ መኪናውን ራሱን ይዘው፣ በቡሬ ዳገት ወደ ጎሬ ይወጣሉ። ለዚህ ጉዞ ብቻ የሚለብሱት አንድ ወፍራም ካፖርት ነበራቸው። በዚያ ፀሐይ ካፖርት በክንዳቸው አንጠልጥለው በገበያው ሲያልፉ የታዩ እንደሆነ ሰዉ «ዛሬ ደግሞ የማን መኪና ሊፈተን ነው?» እያለ ይሳሳቅ ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር፤ ካፖርቱን ግን ጥለውት ሄደው አያውቁም።

እዚህ ታች ሳሉም ቢሆን በዋዛ አያልፉም። ሳይቀጠሩ በማለዳ ይደርሱና መጀመሪያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቆ ካገኙት ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነውና «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ይሄዳሉ። «የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው» ይላሉ። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያያሉ፤ ከሥር ገብተው ተቆርጦ የተበየደ ብረት ይፈልጋሉ፤ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ከውስጥ የሚተነፍሰውን ያያሉ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ወርደው መንገድ ዳር ይቆሙና መኪናውን ወደ ላይ ያስነዱታል። ከጭሱ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ጥቁሩ ብዙም አያስደነግጣቸውም፤ ናፍጣ የሚረጨው ክፍል ከታየ ይስተካከላል ይላሉ። ሰማያዊ ካዩ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነውና ፊታቸው ይለወጣል። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለም ውኃ የት እንደገባ ይጠይቃሉ።

አንድ ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሠፈሩ አንድ አዛውንት ገበሬ መኪና ሊገዙ እሳቸውን ይዘው ሄዱ። እኔም የአገሬ ሰው ናቸውና አብሬ ነበርኩ። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ አዲስ የለበሰ መኪና ነው። መምህር የወለሉን ምንጣፍ ገለጥ አድርገው ጣታቸውን ጥጉ ውስጥ ሰደዱና እንደ ዱቄት የላመ ደረቅ ደለል አወጡ። «አባባ፣ ይህ መኪና ዋኝቷል» አሉ። ባሮ ሞልቶ ሲወጣ ተኝቶበት የነበረ መኪና ኖሯል። አዛውንቱ ክፉኛ አዘኑ፤ ለልጆቻቸው መኪና ይዤ እመጣለሁ ብለው ነበር የወጡት። መምህር ግን ባዶ እጃቸውን አልሰደዷቸውም። የእረፍት ቀናቸውን እየሠዉ፣ ከግቢ ግቢ እየዞሩ፣ ጎሬ አድሮ የተነሳ መኪና እስኪገኝላቸው ድረስ አብረዋቸው ተንከራተቱ። ሲከፍሏቸው እምቢ አሉ። አዛውንቱ የበቆሎ እሸት በጆንያ ጭነው ሲመጡ ግን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ ለጎረቤትም አደሉት።

የእኔ ጉዳይ የመጣው ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ከደጋ ድንችና ሽንኩርት የሚያመጣው ራሱ ነበር። እሱ ሲሄድ በሰው መኪና ጥገኛ ሆንኩ። የሰው መኪና ደግሞ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ይዘገያል፤ ድንቼ በሙቀት በስብሶ ይደርሳል። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ሰብስቤ አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ልገዛ ቆረጥኩ። ብሳሳት ሁለተኛ ዕድል የለኝም፤ ልጆቼን ይዤ ሱቄን ዘግቼ ወደ ዘመዶቼ አገር መመለሴ ነው።

ኡጁሉ በዚያን ጊዜ ሹፌር ነበር፤ ለራሱ የገዛውን ፒካፕ ሊሸጥ አውጥቶታል። ከእኔ ያንሳልና አንተ እለዋለሁ፤ እሱም እትዬ ይለኛል። አሳፍሮኝ ኢታንግ ድረስ ሄደን ተመለስን። መስኮቱን ከፍቶ፣ ዘፈን ከፍቶ፣ መኪናው በዚያ ሜዳ ላይ ሽው ሲል እኔ በልቤ ጭነቴን መደርደር ጀመርኩ። እንደተመለስን በቀጥታ መምህር ዘንድ ሄጄ ከወንድምዎ መኪና ልገዛ ነው አልኳቸው። ይመርቁኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ኢታንግ ሜዳ ነው። መንገዱን ሻጭ ከመረጠልሽ መኪናውን ገና አላየሽም» አሉኝ። ተነስተውም ካፖርታቸውን አወረዱ።

እኔ ተቆጣሁ። የገዛ ወንድምዎ ነው እኮ፣ ሰው ምን ይላል አልኳቸው። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ወንድሜ ስለሆነ ነው የምሄደው። የሌላ ሰው ቢሆን የምትጎጂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ኡጁሉ ጎሬ መባሉን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ወንድሙ ሳይስቁ ሲቀሩ ፊቱ ጠቆረ። በቋንቋቸው ተነጋገሩ፤ እኔ የሰማሁት ጎሬ የምትለዋን ብቻ ነው። እምቢ ቢል ነገሩ ይብሳልና በማግስቱ ሦስታችን ወጣን። ዳገቱ ላይ መምህር ወርደው ጭሱን አዩና ተመልሰው ገቡ።

ጎሬ አድረን ስንነሳ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። እኔ የቆላ ሰው ነጠላዬን ደራርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ኡጁሉ ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ተወ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አቃሰተ። ባትሪው እስኪደክም ድረስ ታገለ፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። መምህር ኮፈኑን ከፈቱ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ እንደ ማር ተንጠልጥሎ ቀረ። በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ከዚያ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩት። ኡጁሉ ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ። እኔ የዘይቱን ልክ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉና ዘንጉን መልሰው ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉ።

«ዘሃራ፣ ይህን መኪና አትግዢ። ሞተሩ አልቋል» አሉኝ። ከዚያ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል፣ ለወንድማቸው በአማርኛ «አንተን ቆላው አታሎሃል። ጥፋትህ አይደለም» አሉት።

ፀሐይ ወጥታ ሞተሩ እስኪላላለት ኡጁሉ እዚያው ቀረ፤ እኛ በሚኒባስ ወረድን። ወሬው ግን ቀድሞን ነበር። ገበያው ሁሉ ኡጁሉን «የገዛ ወንድምህ አዋረደህ» ይለው ጀመር። ሽማግሌዎቻቸው መምህርን ጠርተው፣ አንድ ጡት የጠባችሁ ሆናችሁ ስለ ሰው ብለህ ወንድምህን እንዴት ታሳጣለህ ብለው ወቀሷቸው። እሳቸው ለሽማግሌውም፣ ለነጋዴውም፣ ለተማሪውም የሚመልሱት አንድ ነበር፦ «ወንድሜ አላወቀም። የቆላ ሙቀት ያታልላል፤ እኔንም ባታለለኝ።» ይህንን ሳይሰለቹ ደጋገሙት፤ ከተማውም በመጨረሻ አመነ። እኔም አመንኩ። ለእኔ ሌላ መኪና ፈለጉልኝ፤ ያ መኪና ጎሬ ሲያድር ከእኛ ቀድሞ ነቃ፤ ልጆቼን ያሳደገውም እሱ ነው።

የኡጁሉን መኪናም አልተዉትም። ሌላ ሰው እንዳይጎዳበት፣ ወንድማቸውም እንዳይከስር፣ ሰው ልከው አስመጡትና ክረምቱን ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ሞተሩን አውርደው ሠሩት። ፒስተኑን፣ ፋሻ የሚሉትን የፒስተን ቀለበት፣ ማሞቂያዎቹን ሁሉ በአዲስ ለወጡ። ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ ሥራው ያለቀ ዕለት መኪናውን በገዛ እጃቸው አጥበው፣ ሸሚዝ ቀይረው በር ላይ ቁጭ አሉ። ኡጁሉ ራሱ የሚመጣ መስሏቸው ነበር። የመጣው የላከው ሹፌር ነው። ኡጁሉ መኪናውን ሳይሸጥ ይዞ ወደ ጎግ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሙ ቤት አልረገጠም።

መምህር ከጎግ የመጣ ሹፌር ባገኙ ቁጥር ያቆሙታል። ስለ ወንድማቸው ግን አይጠይቁም። «ያ ፒካፕ ይሄዳል?» ይሉታል። ይሄዳል መምህር ይላቸዋል። «ጠዋት ቶሎ ይነሳል?» ይነሳል። ፈገግ ይሉና ያሰናብቱታል። ማንን እየጠየቁ እንደሆነ ሹፌሩም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። በየጊዜው የዘይት ማጣሪያ ገዝተው ይልኩለት ነበር። ኡጁሉ ይቀበላል፤ ቃል አይመልስም። እኔ አፌ አያርፍምና አንድ ቀን፣ ምን አድርገውት ነው የሚለማመጡት፣ ይተዉት እንጂ አልኳቸው። አልተቀየሙኝም።

«እህቴ፣ ሰው የሚያኮርፈው የሚመለስበት ቤት ስላለው ነው» አሉ።

ሲታመሙም ያው መጠበቅ ነበር። ልጠይቃቸው ሆስፒታል ስሄድ ከተኙበት በሩን ያያሉ፤ ሰው ሲገባ ቀና ይላሉ፤ አይተው መልሰው ይተኛሉ። ያንን ማየት እንዴት ከባድ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ከበሽታው ይልቅ ለዚያ አለቀስኩ።

ኡጁሉ የደረሰው በቀብሩ ማግስት ነው። መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ስልክ በማይሠራበት እርሻ ላይ ነበር። ሁላችንም ግቢያቸው ማንጎው ሥር ተቀምጠናል፤ አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ደገኛው፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ። ያንን ፒካፕ በር ላይ አቁሞ ገባ። ጠጉሩ ሸብቷል። ማንንም ሳይጨብጥ መሐል ላይ ቆመ። ዘመዶቹ በቋንቋቸው ሊያጽናኑት ሲጀምሩ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ሁሉም ሰው እንዲሰማ በአማርኛ እናገራለሁ አለ።

«የዚያን መኪና ሞተር ማለቁን አውቅ ነበር» አለ። «ጭሱን እንዲደብቅልኝ፣ ድምፁን እንዲያፍንልኝ ወፍራም ዘይት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ጎሬ ላይ ወንድሜ ዘይቱን በጣቱ አሸና አየኝ። እንዳወቀ አወቅኩ። ከዚያ አላወቀም ብሎ ለሰው ሁሉ ማለልኝ። ተጣልተን አይደለም የቀረሁት። ዓይኑን የማይበት ዓይን አጥቼ ነው።»

እኔ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ያ ሰው አውቆ ልጆቼን ሊበትን ነበር። ቀጥሎ ግን የመጣብኝ የመምህር ጣት ነው፤ ያንን ዘይት በጨርቅ የጠረጉት ጣት። ማወቅ የሚገባኝን ነግረውኛል፤ አትግዢ ብለውኛል። የቀረውን ለብቻቸው ተሸክመውት ኖሩ። ሽማግሌ ሲወቅሳቸው፣ ዘመድ ሲያኮርፋቸው፣ አንዲት ቃል ተናግረው ነፃ መውጣት ሲችሉ አልተናገሩም። ኡጁሉ እኔ ዘንድ መጥቶ ሊንበረከክ ሲል ክንዱን ይዤ አነሳሁት። ስለ ወንድምህ ስል ይቅር ብያለሁ አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ግቢውም አብሮን አለቀሰ።

እንግዲህ መምህር፣ ቀሪው ለእርስዎ ነው። ሰው ሁሉ በቀብርዎ ላይ ስለ ሥራዎ፣ ስለ ተማሪዎችዎ ተናግሯል፤ ቄሱም ጸልየዋል። ይህን ግን እዚያ ማንም አልነገርዎትምና እኔ ልንገርዎ። ወንድምዎ መጥቷል። የደበቁለትን ነገር በራሱ አፍ፣ በጋምቤላ ሰው ሁሉ ፊት አውጥቶታል። ስሙን ሊያድኑለት የተሸከሙትን ወቀሳ ከእርስዎ ላይ አንስቶ ራሱ ወስዶታል፤ ዛሬ ከተማው ውስጥ እርስዎን የሚወቅስ አንድ ሰው የለም። ሽማግሌዎችዎም አንገታቸውን ደፍተው ወጥተዋል። ልጆችዎ አጎታቸውን ከበውታል፤ ትንሿ የልጅ ልጅዎ ከጭኑ አልወርድም ብላለች። ባለቤትዎ የእርስዎን ቦታ ለቀውለት ነበር፤ አይገባኝም ብሎ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተኛ። ወደ ጎግ መቼ ትመለሳለህ ብለው ሲጠይቁት፣ ልጆቹን ለማን ትቼ አለ።

ደህና ይሁኑ መምህር። ሲጠብቁት ደክመዋልና አሁን ይረፉ፤ ኡጁሉ ቤቱ ገብቷል።